ዘመም ያለው ታንከር

ሚኒስትሩ በምሳ ሰዓት ዜና ላይ ከአየር የተነሳ ፎቶ ዘርግተው፣ «ጎረቤታችን ስድስት ሚሳኤል ደግኖብናል! ይሄ ዘመም ያለው ደግሞ ቀጥታ ወደ እኛ ተነጣጥሯል! ሳይቀድሙን እንቅደማቸው!» ሲሉ ጉርሻዬ ትን አለኝ።

«አንቺ፣ ነይ እይ! የኔ ታንከሮች ናቸው!»

ሚስቴ እጇን እየጠረገች መጣች። እኔ በያጅ ነኝ። አምና ድንበር ማዶ ላለ የዶሮ እርባታ ስድስት የውኃ ታንከር ሠርቼ፣ ከነሾጣጣ ክዳናቸው ተክዬ ነበር የተመለስኩት።

«ዘማማው ያንተው ነው» አለች ሳቋ እያመለጣት። «አንዱን እግር አሳጥረህ የቆረጥክበት።»

በዚህ ቀልድ የለም ብዬ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። አንዲት ጸሐፊ አነሳች።

«እህቴ፣ እነዚያ እኮ ለዶሮ ውኃ የሚይዙ ታንከሮች ናቸው!»

«የሠሯቸው እርስዎ ነዎት?»

«ስድስቱንም! በእነዚህ እጆቼ!»

«ዘመም ያለውንስ?»

«እሱንም ያዘመምኩት እኔው ነኝ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ይኸው ይበቃናል» ብላ ዘጋችው።

ጦርነት አስቀረሁ ብዬ በደስታ ሰፈሩን ሁሉ ሳወራ ዋልኩ።

በማግስቱ፣ በዚያው በምሳ ሰዓት፣ ሚኒስትሩ ፊታቸው በርቶ ብቅ አሉ። «ጥርጣሬ ለነበራችሁ! ስድስቱንም የሠራው ባለሙያ ራሱ ደውሎ አምኗል። ዘመም ያለውንም ሆነ ብሎ እንዳነጣጠረው አረጋግጦልናል!»

ሚስቴ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዬን የሚያደንቅልኝ ጠፋ ስትል አልነበር? ይኸው!»