በቅርጫት የሚወርደው መጽሔት

«ና ውጣ! አራተኛ ፎቅ! ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ሰው ጨምረህ ና!»

ነዋል የባሏን ጩኸት ስትሰማ ወጥ ቤት ሆና ዓሣ እየጠበሰች ነበር። ከታች ከመንገዱ የቆራሌው ድምፅ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ከባድ ነገር በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ መሰላት። እሳቱን እንኳ ሳታጠፋ ወደ መተላለፊያው ሮጠችና ትልቁን ቁም ሣጥን በጀርባዋ ከልላ ቆመች።

ሩሽዲ ከሰገነቱ ሲመለስ ሚስቱን በዱቄት የተለወሱ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ አገኛት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«መጀመሪያ እኔን ቅበረኝ፤ ከዚያ ትሸጣቸዋለህ!»

«እነማንን?»

«መጽሔቶቼን!»

ሩሽዲ ሰገነቱ ጥግ የቆመውን፣ ዝገት የበላውን የልብስ ማጠቢያ በአገጩ አመለከታት። «ሲያጥብ እንደ መርከብ ሲጮህ የኖረውን እሱን ነው። የአንቺን መጽሔትማ ቆራሌው ለማውረጃ ክፈሉኝ ይለኛል።»

ነዋል እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ከወጥ ቤት የሚያር ዓሣ ሸተታቸው።

ይሁንና ነገሩ አንዴ ተነስቷል፤ ምሳ ላይም አብሯቸው ተቀመጠ። መጽሔቱ በየወሩ ከቤሩት የሚመጣ የስፌት መጽሔት ነው። በሆዱ ውስጥ እንደ ካርታ የታጠፈ ሰፊ ወረቀት ይዞ ይመጣል። የወሩ ቀሚሶች ሁሉ ቅድ እዚያ ወረቀት ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተሰምሯል። የምትፈልገውን መስመር ለይታ በስስ ወረቀት መገልበጥ የልብስ ሰፊዋ ፈንታ ነው። ነዋል ጡረታ እስክትወጣ ድረስ መድኃኒት ቤት ሠርታለች፤ ስፌት መተዳደሪያዋ ሆኖ አያውቅም፤ መደሰቻዋ ነው። ከታጨችበት ዓመት ጀምሮ መጽሔቱ ቀርቶባት አያውቅም።

ዘንድሮ ግን የደንበኝነቱ ዋጋ እጥፍ ሆነ። ማሳሰቢያው እንደሚለው፣ በዚያው ገንዘብ ከመጀመሪያው እትም አንሥቶ እስካሁን የወጡትን ሁሉ በኮምፒውተር የሚያስገኘውን ማኅደር መግዛትም ይቻላል። ሁለቱንም መግዛት ደግሞ የጡረተኛ አቅም አይደለም።

«እማ፣ ይሄ እኮ ክርክር የለውም» አለች ልጇ ሻሂናዝ፣ የዓሣውን አጥንት እየለቀመች። «የምትፈልጊውን ትጽፊያለሽ፣ ይመጣልሻል። አቧራ የለው፣ ብል አይበላው።»

«ሽታውስ?»

«የምን ሽታ?»

«አዲሱን ስትገልጪው የሚሸተው።»

«ለሽታ ነው እንዴ የምትከፍይው?» አለ ሩሽዲ።

«አንተስ ካፌ የምትከፍለው ለዶሚኖው ጫጫታ አይደል? ሻይማ ቤትም አለ።»

ሩሽዲ ወደ ሰሃኑ ተመለሰ።

ነዋል በዚያው ልታሸንፍ ትችል ነበር፤ የቀሚሱ ነገር ግን ያዛት። ሻሂናዝ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ትታጫለች። ለቃል ኪዳኗ ቀን የፈለገችው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ራሷ ስትታጭ ለብሳው፣ ሳሎን ግድግዳው ላይ በፎቶ ያለውን ቀሚስ። ነዋል ያን ቀሚስ ከመጽሔቱ ቀድታ የሰፋችው በልጅነቷ እጅ ነው፤ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀሚሱ ራሱ ከጊዜ በኋላ የሻሂናዝ የልደት ቀሚስ ሆነ፤ ቀጥሎ የአሻንጉሊት ብርድ ልብስ፤ በመጨረሻም የመስኮት መወልወያ። እትሙ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። የቅዱ ወረቀት ግን የለም።

የት እንደ ሄደ መገመት አያስቸግርም። ነዋል አዲስ መጽሔት በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን አንብባው በቅርጫት አድርጋ ከሰገነቷ በገመድ ታወርደዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ዳቦና ቲማቲም በሚወጣበት በዚያው ቅርጫት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሮጊቷ ጎረቤቷ ሐጃ ኢንሳፍ ይቀበሉታል። ከእሳቸው ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ማዶው ሕንፃ ይሻገራል። ሲመለስ የሻይ ምልክትና የሕፃን እጅ አሻራ ይዞ ይመለሳል። አንዳንድ ወረቀት ሳይመለስ ይቀራል፤ ነዋልም ጠይቃ አታውቅም፤ ታፍራለች።

«ማኅደሩ ውስጥ ቅዱ አለ?» አለች በመጨረሻ።

«ሁሉም አለ።»

«እንግዲያው ግዙት» አለችና ተነስታ ሰሃኖቹን ሰበሰበች። የወሩን መጽሔት ገና ትናንት በቅርጫት አውርዳዋለች። የመጨረሻዬ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አቆየው ነበር ብላ አሰበች።

ማኅደሩ ሲከፈት ግን ኩርፊያዋ አልቆየም። መነጽሯን አድርጋ ከሻሂናዝ ጎን ተቀመጠች። የረሳቻቸው ሽፋኖች አንድ በአንድ መጡ። «ይሄን ለእህቴ ሰፍቼላታለሁ!» «ይሄ አንገቱ አስለቅሶኛል!» «ይሄን ኮት አባትሽ ድንኳን ነው ብሎኝ ነበር፤ ሁለት ክረምት ለበሰው።» ሩሽዲ ከሶፋው ሆኖ «አሁንም ድንኳን ነው» አለ። ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ ሲመጣ እናትና ልጅ እኩል ጮኹ። ቅዱም አብሮት አለ፤ የሻይ ጠብታ ያልነካው።

ሻሂናዝ ቅዱን መሥሪያ ቤቷ አትማ በትናንሽ ወረቀቶች ይዛው መጣች። ሳሎኑ ወለል ላይ ዘርግተው በፕላስተር አገጣጠሙት። ሩሽዲ ለሁለት ቀን ግድግዳ ታክኮ ሄደ። ጨርቁ ከመንሺያ ገበያ የተገዛ፣ እንደ ማለዳ ባሕር አረንጓዴ የሆነ ሐር ነው፤ የጥቅሉ መጨረሻ ነበር። ነጋዴው የተረፈውን ሁሉ ሰጥቷቸው ምርቃት ጨመረበት። ነዋል በጠመኔ አሰመረች፣ ለስፌቱ የሚሆነውን ጠርዝ ተወች፣ ትንፋሿን ይዛ ቆረጠች። ቅድ ስትቆርጥ ሠላሳ ዓመት እጇ ተሳስቶ አያውቅም።

ቀሚሱ የተለካው ረቡዕ ከሰዓት ነው።

«ተንፍሺ» አለች ነዋል፣ ዚፑን በሁለት እጇ ይዛ።

«ተነፈስኩ።»

«አስወጪው እንጂ!»

«ሁሉንም አስወጣሁት እማ፤ የቀረችኝ ነፍሴ ብቻ ናት።»

ዚፑ ሦስት ጣት ያህል ቀርቶት ቆመ። እጅጌው ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሏል፤ ጫፉም ቁርጭምጭሚት ሊደርስ ሲገባው ከላዩ ቀርቷል። ነዋል ልጇን ዞራ አየቻት። ወፍራለች እንዳትል ልጅቷ ከስታለች።

ሻሂናዝ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ተንበርክካ የቁርጥራጩን ዘንቢል ትበረብር ጀመር። ከመጀመሪያው ወረቀት ጥግ የተቆረጠች ቁራጭ አወጣች። ትንሽ ሳጥን ተሥሎባታል፤ ከሥሩም «ይህን ሳጥን ለኩ፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ካልሞላ አትቁረጡ» ይላል። ነዋል ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካችው። ዘጠኝ ከትንሽ ሆነ።

«ማተሚያው ከወረቀቱ ልክ ላስገባው ብሎ አሳንሶታል» አለች ሻሂናዝ፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «እኔ ሳላይ...»

«እኔም ቆርጬ ጣልኳት» አለች ነዋል። ከቤሩት የመጣ ወረቀት ሁልጊዜ ልኩን ሆኖ ነው የኖረው። ወረቀት ይለካል ብላ አስባ አታውቅም።

ሁለቱ ተያዩ። ሻሂናዝ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሩሽዲ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አየና «ለእጮኛሽ ታናሽ እህት ልክ ነው፤ ዓርብ በአንቺ ፈንታ እሷን እንዳር?» አለ። ሻሂናዝ ልታለቅስ ከፍታው የነበረው አፏ ሳቅ አመለጠው፤ ነዋልም ተከተለች፤ አንዱ ስፌት ደግሞ ጠስ አለ፤ ያኔ የባሰ ሳቁ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገ ሐሙስ ነበር። ጨርቅ የለም። ነዋል ማኅደሩን ከፈተችና በአንድ ጣቷ «የጠበበ ቀሚስ» ብላ ጻፈች። ፊት የመጣው በሳምንት የሚያቀጥን የጎመን ሾርባ ነው። ከሥሩ ስለ ጠባብ ቀሚስ የተጻፈ ሁሉ ተከታትሎ መጣ፤ ገልጣ የማትጨርሰው ነበር።

የኮምፒውተሩን ማውስ ይዛ ሳለች አንድ ሥዕል በዓይኗ ሽው አለ። በወሩ መጽሔት፣ መሐል ገጾች ላይ፣ እጇን ወደ ላይ ያነሣች ሴት። ቀሚሷ ከእጅ አንጓዋ ተነሥቶ በብብቷ ሥር አልፎ እስከ ጫፉ በሚወርድ ዳንቴል ተቀጥሏል። ነዋል ያኔ ማን ይሄን ይሰፋል ብላ ነበር ያለፈችው።

ወደ ሰገነቱ ሮጠች።

«ሐጃ! ሐጃ ኢንሳፍ!»

ከሁለተኛው ፎቅ ነጭ ሻሽ ብቅ አለ። «ምነው ልጄ፣ እሳት ነው?»

«መጽሔቱ! የዚህ ወሩ! እርስዎ ዘንድ ነው?»

«ገና አንብቤ አልጨረስኩትም እኮ! ዛሬ ደግሞ ማስመለስ ጀመርሽ?»

«ሐጃ፣ የሻሂናዝ ቀሚስ ጠቧት ነው!»

ከማዶው ሕንፃ አንዲት ሴት «ጠበባት? ወይኔ!» አለች። ከሦስተኛው ፎቅ ደግሞ ሌላዋ «የሎሚ ውኃ አጠጧት፣ ትከሳለች!» ብላ መከረች። ነዋል በሌላ ቀን ቢሆን ፊቷ ይቀላ ነበር። አሁን ቅርጫቱን ብቻ ለቀቀችው። ገመዱ እየተወዛወዘ ወርዶ ተመለሰ። ባዶ ነበር።

«ሐጃ፣ መጽሔቱስ?»

መልሱ የመጣው ከደረጃው ነው። ሐጃ ኢንሳፍ ጉልበታቸውን እየረገሙ፣ መጽሔቱን በብብታቸው ሸጉጠው፣ በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘው ገቡ። ቀሚሱን አዩት። ሥዕሉን አዩት። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት፤ በእጅ የተሠራ የዝሆን ጥርስ መልክ ያለው ዳንቴል ጥቅል ብሎ ወጣ።

«ስንት ክረምት የሠራሁት ነው። ንድፉን ያገኘሁት ካንቺው መጽሔት ነው፤ በቅርጫት ካወረድሽልኝ። ለምን እንደምሠራው ግን አላውቅም ነበር።»

«ሐጃ፣ ይሄንማ አልቀበልም...»

«ዝም በይና ለኪ።»

ሻሂናዝ ተንበርክካ እጃቸውን ሳመች። ነዋል በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ሜትሯን አወጣች፤ ዳንቴሉን ሁለት ጊዜ ለካችው።

ሐጃ ኢንሳፍ ከሶፋው ተደላድለው የኮምፒውተሩን መስታወት በጥርጣሬ አዩት። «ይሄ ነው ሁሉን ያውቃል ያላችሁት?»

«ሁሉም አለበት ሐጃ» አለች ሻሂናዝ። «ቀሚሱን ያገኘነው ከእሱ ነው። እሱ ባይኖር ጨርሶ አናገኘውም ነበር።»

«እውነት ነው፤ አልዋሽበትም። ግን እሱ የጠየቅሽውን ነው የሚሰጥሽ። ይሄ ደግሞ» አሉ መጽሔቱን መታ አድርገው፣ «ያልጠየቅሽውን ይዞልሽ ይመጣል፤ እንደ ጎረቤት።»

«እንደ እርስዎ ማለት ነው» አለ ሩሽዲ።

«አንተ ሻይ አፍላ።»

ሩሽዲ ሻይ አፈላ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን የስፌት መኪናው ሲንጫጫ ዋለ፤ ዳንቴሉ የቀሚሱን ጎን አሰፋ፣ የተረፈውም እጅጌውንና ጫፉን አስረዘመ። ዓርብ ምሽት ሳሎኑ በሰው ተጨናነቀ፤ ሸርበት የሚሉት ቀዩ ጣፋጭ መጠጥ ዞረ፤ እልልታው ከአራተኛው ፎቅ ተነሥቶ መንገድ ድረስ ወረደ። ሻሂናዝ ቀለበቱን ልትቀበል እጇን ስታነሣ ዳንቴሉ ከአንጓዋ እስከ ቀሚሱ ጫፍ ተዘረጋ። ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ጋር አንድ አልነበረም። ያማረው ግን ይሄኛው ነው ያለችው ነዋል ራሷ ናት፤ ቀስ ብላ፣ ለሐጃ ኢንሳፍ ብቻ። የእጮኛዋ እናት መጥታ የዳንቴሉን ስፌት በጣቷ ዳሰሰችና «ከየት ነው የተገዛው?» ብላ ጠየቀች። ሐጃ ኢንሳፍ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የሦስተኛ ፎቋ ሴት ቀደመቻቸው፤ «ከቅርጫት ነው» አለች፤ ሕንፃው ሁሉ ሳቀ።

ሻሂናዝ በሳምንቱ ማኅደሩን እናቷ በምትችለው መንገድ አስተካከለችላት፤ ሳጥኗን በሜትር መለካት እንዳይረሳ አንድ ወረቀት ጽፋ ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፈችበት። ሩሽዲ ደግሞ ቆራሌው ለልብስ ማጠቢያው የሰጠውን ገንዘብ ከሕንፃው ሴቶች መዋጮ ጋር ደምሮ ፖስታ ቤት ሄደና ደንበኝነቱን ለአንድ ዓመት አሳደሰ። የሚቀጥለው ወር መጽሔት ሲመጣ ነዋል ሁለት ቀን አንብባ በቅርጫት አወረደችው።