ሄልቪ ጨለማ የጠበቀችበት በጋ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የእኛ የፊንላንድ ወሽመጥ ሰው ፊቱ ይጠቁራል። በጋው አለቀ፣ መጸው ገባ፣ ቀኑ አጠረ፣ ጀልባው ከውኃ ሊወጣ ነው እየተባለ ይለቀሳል። ያን ዓመት ግን እህቴ ሄልቪ ብቻዋን ትፈነድቅ ነበር። አንድ ምሽት መነጽሯን ለመፈለግ መብራት ማብራት ግድ ሆነባት፤ ይሄን ጊዜ ሎተሪ እንደደረሳት ሴት ወጥ ቤቱን ዞረችው።

"አይላ፣ አየሽ? ምንም አይታይም።"

"መነጽርሽ ግንባርሽ ላይ ነው" አልኳት።

"እሱን ተዪው። መሽቷል ነው የምልሽ።"

ስልሳውን አልፋለች፤ ደስታዋ ግን የኮረዳ ደስታ ነበር። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወሽመጡ ማዶ ኦይቫ የሚባል ጀልባ ጠጋኝ አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዓሣና ከራዲዮ በቀር ከማንም ጋር ሲያወራ ተሰምቶ አያውቅም። ይህ ሰው በሰኔ መግቢያ ሄልቪን ፖስታ ሳጥኑ ጋ አገኛትና "የሚመጣውን ብርድ አንድ ጣሪያ ሥር ብናሳልፈው ምን ይመስልሻል?" አላት። ሄልቪ ደነገጠች። አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች፤ "ሲጨልም እነግርሃለሁ" አለችው።

በሰኔ እኮ እኛ ጋ አይጨልምም። ፀሐይ ለወጉ ያህል ትጠልቅና ጫማዋን ሳታወልቅ ትመለሳለች። የሌላ አገር ሰው ቢሆን "መቼ ነው የሚጨልመው?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ኦይቫ ግን የፊንላንድ ሰው ነው፤ "እሺ" ብሎ ጋዜጣውን ይዞ ሄደ። በጋውን ሙሉ አንዲት ቃል አልጨመረበትም።

ሄልቪም በቃሏ ጸናች። ፈርታ እንጂ ጠልታው አይደለም፤ የፈራችውም ኦይቫን ሳይሆን የሰውን ዓይን ነው። በብርሃን ወሽመጡን መሻገር ማለት በቅዳሴ መሀል ራቁትን ማለፍ ማለት ነው። ባለፈው በጋ ጎረቤታችን ሌምፒ ለአንድ ቀያሽ እንጆሪ በሳህን ወስዳ ነበር፤ ሳህኑ ሳይታጠብ የሠርጓ ቀን በሰው አፍ ተቆርጦ ጠበቃት።

"በጋ ወሬኛ ነው" ትላለች ሄልቪ። "መጸው ግን አፉን ይይዛል። የሟቹ የአርቮ ሚስት እየተባልኩ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት ነኝ፤ መልሴን የምሰጠው ለኦይቫ ነው እንጂ ለመንደሩ አይደለም።"

ችግሩ ጨለማው እየቀረበ ሲመጣ ጊዜውም አብሮ ማለቁ ነበር። የነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ የበጋ ጎጆ መዝጊያ በዓላችን ነው። በማግስቱ የኦይቫ ልጅ ልትወስደው ከታምፔሬ ከተማ መኪና ይዛ ልትመጣ ነው፤ አባቷ ብርዱን ብቻውን እንዲገፋ አልፈቀደችም። ጀልባዎቹ ሊሸጡ ነው፣ ቤቱም ሊታሸግ ነው። ይህን የነገረኝ ራሱ ኦይቫ ነው። "ካልሆነ እሄዳለሁ" አለኝ። "ምን ካልሆነ?" ስለው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ገና ቦግ ብሎ ነበር።

ለሄልቪ ስነግራት "ቅዳሜ፣ እንደጨለመ" አለች። "አንቺም ትመጫለሽ።"

"እኔ ደግሞ ምን ቤት ነኝ?"

"ኬኩን ማን ይይዛል?"

ቅዳሜ ዕለት ሰማዩ እስኪጠቁር ድረስ እህቴ ያላትን ልብስ ሁሉ ለብሳ አወለቀች። በመጨረሻ በሰማያዊ የሐር ቀሚሷ ጸናች። ከላዩ ብርቱካናማውን የጀልባ ጃኬት ደረበች፣ ከታች የላስቲክ ቡት አደረገች። ማንም እንዳያየኝ የምትል ሴት፣ ከሩቅ የሚጮኽ ቀለም ለብሳ።

"ሁለት ጭንቅላት ከታየ ሐሜት ነው፤ አንድ ከታየ የዓሣ መረቡን ሊያይ የወጣ ሰው ነው" ብላ እኔን የጀልባው ወለል ላይ አስተኛችኝ። ባለ ክሬሙን የእንጆሪ ኬክ ሆዴ ላይ አስቀመጠችው። በረንዳችን ላይ አንድ ፋኖስ አብርተን ወጣን። ቀዛፊ ለሚሄድበት ጀርባውን ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ በጨለማ የሚመራው ትቶት የመጣው መብራት ነው። ያን ፋኖስ በጀልባው ጭራ መሀል ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው ማዶ ኦይቫ ደጅ ይደርሳል።

ተንጋልዬ ከዋክብቱን አየኋቸው። ከሚያዝያ ጀምሮ አላየኋቸውም ነበር፤ እንደናፈቁኝ ያወቅኩትም ያኔ ነው። ሳቄ መጣ፤ ኬኩም ሆዴ ላይ ዘለለ።

"አትሳቂ፣ ክሬሙ ይበላሻል።"

"አንቺስ ምን ያስቅሻል?"

"እኔ እየቀዘፍኩ ነው" አለችና ሁለታችንም ጎናችንን እስኪያመን ሳቅን። መቅዘፊያው ሲጥ ሲጥ ይላል። "አይላ፣ ማንም እኮ አያየኝም። እዪ" አለችና ለመንደሩ በሙሉ ምላሷን አወጣች። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ማንንም ሳታስቀር። ከዚያ ደግሞ እኔም ቀና ብዬ አወጣሁ። ጨለማ እንዲህ ደስ እንደሚል ረስተነው ኖሯል።

የረሳነው ግን እሱን ብቻ አልነበረም። በዚያ በዓል የመንደሩ ማኅበር ማዶ ከኦይቫ ቤት አለፍ ብሎ ካለው የዳንስ መድረክ አጠገብ ትልቁን እሳት እስኪለኩስ ማንም ፋኖሱን አያበራም። እሳቱ ሲያያዝ ግን የወሽመጡ ዳርቻ ዙሪያውን ባንዴ ይበራል። እኛ ደንቡን ጥሰን ቀድመን ስላበራን፣ ስንነሳ በእኛ በኩል የነበረው ብቸኛ መብራት የእኛ ነበር። ልክ መሀል ላይ ስንደርስ እሳቱ ተለኮሰ።

"አይላ" አለች መቅዘፏን አቁማ፤ "የእኛ የትኛው ነው?"

"ተኝቻለሁ እኮ።"

"ተነሺና እዪ።"

"ሁለት ጭንቅላት ከታየስ?"

"አይላ።"

ተነሣሁ። በየዛፉ፣ በየጀልባ ማቆሚያው፣ በየሳውናው ደጃፍ ፋኖስ ነው፤ ውኃው ላይ ደግሞ ሌላ ያን ያህል። ማማሩስ ያምር ነበር፤ የእናንተ ነኝ የሚል ግን አንድም የለም።

"ያ ነው" አለች ሄልቪ። "የእኛ ትንሽ ቢጫ ይላል።"

ሁሉም ቢጫ ይላል። እሷ ግን ልቧ ተንጠልጥሏል፣ መቅዘፊያውን ጨበጠች። ትንሽ እንደሄድን የአኮርዲዮን ድምፅ መጣ።

"ኦይቫ ራዲዮ ከፍቷል" አለች። "ለእኔ ብሎ ነው።"

አኮርዲዮኑ ቀረበ። ከዚያ የሰው ሳቅ፣ ከዚያ የቋሊማ ጥብስ ሽታ ተከተለ።

"ሄልቪ፣ ይሄ ሰውዬ ስንት ሰው ነው የጋበዘው?"

ሳትመልስልኝ ጀልባው ከእንጨት ጋር ተላተመ። ኬኩ ከሆዴ ተነሥቶ ደረቴ ላይ ተለጠፈ። ቀና ስል ትልቁ እሳት ፊት ለፊቴ ነው፤ ከእሳቱ ወዲያ የዳንሱ መድረክ፣ መድረኩ ላይ የመንደሩ ሰው በሙሉ ወደ እኛ ዞሮ። ባለ አኮርዲዮኑ ታውኖ እንኳ እንደዘረጋው ቀረ።

"ሄልቪ" አለች ሌምፒ፤ "መረብ በሐር ቀሚስ መታየት ጀመረ?"

እህቴ ገመዱን ይዛ ቆማለች። ፊቷን ሳየው ሳቄ ሁሉ ጠፋ። ጀልባውን ገፍታ ልትመለስ ነው፤ ቤት ገብታ በሩን ልትዘጋ ነው፤ ነገ ደግሞ መኪናው ይመጣል። "እንሂድ" አለችኝ በሹክሹክታ። እምቢ ልላት አፌን ከፈትኩ።

ይሄኔ ከጫካው መንገድ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ። ኦይቫ ነበር። ለቀብር የሚለብሰውን ጥቁር ኮት ለብሷል፣ እግሩ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እኛ ጋ ሽማግሌ ከሮጠ ቤት ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ሰዉ ቶሎ ብሎ መንገድ ለቀቀለት።

"የመቅዘፊያሽን ሲጥሲጥታ ሰማሁ" አላት። "ወደ እኔ እየመጣ ነበር። ከዚያ ታጠፈ።"

"መንገዱ ጠፋኝ" አለች ሄልቪ።

"ሐሳብሽን የቀየርሽ መሰለኝ።"

"እና ለምን መጣህ?"

ኦይቫ ነጠላ ጫማውን አየ። "ቀይረሽም ከሆነ፣ ሳላይሽ አልሄድም ብዬ ነው።"

ኦይቫ በአንድ ምሽት ይህን ያህል ሲናገር የሰማ የለም። ከኋላ አንዲት ሴት ስትናፈጥ ሰማሁ፤ ሌምፒ ናት።

ከታውኖ ራስ በላይ ያለው ሰሌዳ በርቷል፤ "የሴቶች ተራ" ይላል። እሱ ሲበራ ወንዱን ለዳንስ የምትጠይቀው ሴቷ ናት። አንድ ተራ ሁለት ዘፈን ነው። ሁለቱን ደንሰው፣ ተመሰጋግነው፣ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ፤ በቃ። ለሦስተኛ ዘፈን እጅ ያልተላቀቁ እንደሆነ ግን ቀጥሎ የሚጠራው ቄሱ ነው፤ ይህን የማያውቅ በወሽመጡ ዙሪያ የለም።

ሄልቪ ገመዱን ለእኔ ወረወረችልኝ። ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ቡቷ ሳንቃውን እየደበደበ፣ በሰዉ መሀል አልፋ ኦይቫ ፊት ቆመች።

"ትደንሳለህ?"

"ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኩት።"

"እኔም ቡት ነው።"

ታውኖ ታንጎ ጀመረ። የመጀመሪያውን ዘፈን አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ ጨረሱት። በሁለተኛው ግን እህቴ ጉንጯን ኮቱ ላይ አሳረፈች፤ የማንንም ዓይን አልፈለገችም። ዘፈኑ ሲያልቅ ኦይቫ ደንብ የሚያውቅ ሰው ነውና ጎንበስ ብሎ አመስግኖ እጁን ሊያላቅቅ ሞከረ። ሄልቪ አልለቀቀችውም።

"ሁለቱ አልቀዋል እኮ" አላት ቀስ ብሎ።

"አውቃለሁ" አለች፤ እሷ ቀስ አላለችም። "ታውኖ፣ ምን ትጠብቃለህ?"

"ተመስገን" አለች ሌምፒ፤ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ። "ከሰኔ ጀምሮ ያላየን እየመሰልን አንገታችን ደረቀ።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከደረቴ ላይ ክሬሙን በጣቴ እየጠረግሁ እየበላሁ ሳቅሁ፤ አለቀስኩም፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ሦስተኛው ዘፈን ተጀመረ፤ ሁሉም ተነሥቶ መድረኩን ሞላው። ሄልቪና ኦይቫ ግን አንድ እርምጃ አልደነሱም። መሀል ላይ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆመው ቀሩ፤ ሌላው ሁሉ እንዳይነካቸው እየተጠነቀቀ በዙሪያቸው ይዞራል።