ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር

አምሳለን አንድ ቃል ከያዛት አይለቃትም፤ ሰሞኑን የያዛት «ሰርቪስ» ነው። ካዛንቺስ የተከራየችው ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ሰርቪስ ቤት ናት። ደምበል ምሳ ስትበላ ሒሳቡ ላይ ሰርቪስ ይጨመርባታል። የወንድሟ መኪና ደግሞ ለሰርቪስ ተብሎ ጋራዥ እንደገባ ቀርቷል። «ምን ዓይነት ቃል ነው? የማይገባበት የለ!» እያለች አዲስ የተቀጠረችበት መሥሪያ ቤት ሰርቪስ ላይ ወጣች። ከሾፌሩ ጀርባ ባዶ ወንበር አይታ ልትቀመጥ ስትል፣ ሾፌሩ ጋሽ ቡልቻ ዞር አሉ።

«የኔ ልጅ፣ እሱ የወይዘሮ ጀማነሽ ነው።»

ሰርቪስ ላይ ሁሉም የየራሱ ወንበር እንዳለው ማን ይንገራት! አፍራ ወደ ኋላ ሄደችና ከውሰር ከምትባል ሠራተኛ አጠገብ ተቀመጠች።

መስቀል ፍላወር ሲደርሱ መኪናው አንድ ግቢ በር ላይ ቆሞ ክላክስ አደረገ። ነጠላ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ወጡ። አምሳለ ሊሳፈሩ ነው ብላ ስትጠብቅ፣ «ውሏችሁን ያሳምረው!» ብለው መረቁና ተመልሰው ገቡ።

«አይሳፈሩም እንዴ?»

«ወይዘሮ ጀማነሽ ጡረታ ወጥተዋል እኮ» አለቻት ከውሰር። «ሠላሳ ዓመት ሰርቪስ አላቸው።»

ይኸው፣ ደግሞ ሌላ ሰርቪስ!

«ታዲያ በየቀኑ ለምን ይቆማል?»

ከውሰር ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጡረታ በወጡ ማግስት ሳንቆም አለፍን። በቃ፣ ማን ይሳፈራል ብለን ነዋ። ማታ ስንመለስ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው።»