የሣህሉ አውቶቡስ

ዳኘው ገና ባላለቀው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ ላሜራ ሲያጣብቅ ከታች ዘበኛው ጠራው።

«ዳኘው! ውረድ፤ እትዬ አገርነሽ በር ላይ ናቸው!»

የያዘውን ጥሎ ወረደ። እህቱ ሥራ ቦታው መጥታ አታውቅም። ባሏ ሣህሉ ያረፈ ዕለት እንኳ ሰው ላከች እንጂ እሷ አልመጣችም። አሁን ግን በሐምሌ ካፊያ፣ ከል ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተለጥፎ፣ ከአጥሩ ሥር ቆማለች።

«እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው በዚህ ዝናብ?»

«ለአውቶቡሱ ገዥ መጣ» አለች። «ዛሬውኑ ቁርጡን ንገሪኝ ይለኛል። ያላንተ ቃል ምን ብዬ እመልስለታለሁ?»

አገርነሽ የዳኘው ታላቅ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። አዝላም፣ ቆጥታም፣ ጠላ ሸጣ አስተምራም ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። በሁሉም ነገር እሱ እሷን ይሰማል፤ በብረት ነገር ብቻ እሷ እሱን ትሰማለች። ያን ያህል ታምነው ነበር።

የክፍሉን ኃላፊ ጓድ አዘዘን አንድ ሰዓት አስፈቀደና አብረው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። 

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰባ ስድስት ነው። ሣህሉ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ከነዳ በኋላ፣ ጥሪቱን አሟጦና ዘመድ አስቸግሮ፣ በባለንብረቶች ማኅበር በኩል የአንድ አውቶቡስ ፈቃድ አገኘ። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ሙሉ አውቶቡስ ከውጪ እስኪመጣ ተራ መጠበቅ፣ ወይ ሞተሩንና የታች ብረቱን፣ ሻንሲውን፣ ብቻ ገዝቶ አካሉን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዳኘው በሚሠራበት ቦዲ ቤት ማሠራት። የሣህሉ ልብ ከውጪው ጋር ነበር።

«የፈረንጁ በሩ ሲዘጋ እንኳ ድምፁ ሌላ ነው» ይል ነበር።

ዳኘው በፋሲካ፣ ገበታ ላይ፣ እህቱ ባለችበት ያዘው። «የኔን እጅ ታምናለህ ወይስ አታምንም?»

ሣህሉ ሚስቱን አየ። ከዚያ ሣቀና፣ «ካንተ እጅማ ወዴት እሸሻለሁ?» አለ።

ዳኘው በዚያ አውቶቡስ ላይ ያልደከመው ድካም የለም። ግን አውቶቡስ በአንድ ሰው እጅ አይሠራም። የመስኮቱ ጎማ ይመጣል ይመጣል ተብሎ ቀረ፤ ክፍተቱን በሬንጅ ደፈኑት። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ከኋላው ወንበር በላይ አፈሰሰ። የዳንግላ መስመር ገበሬ ስም ለማውጣት ማን ብሎት፤ «ወንፊቱ» አለው። ዳኘው ሦስት እሑድ ሙሉ ጣሪያው ላይ ውሎ ፍሳሹን አቆመ። ስም ግን በሬንጅ አይደፈንም። ተሳፋሪው ዶሮውን በብብቱ፣ ቅቤውን በቅል ይዞ መናኸሪያ ይመጣና፣ ረዳቱ «መራዊ! ዱርቤቴ! ዳንግላ!» እያለ ቢጮህም «የአገር ቤቱ ነው? አይ፣ የውጪውን እንጠብቃለን» ብሎ ዳር ይቀመጣል።

ዳኘው ለማንም ያልተናገረው ነገር ደግሞ ነበር። አምና በጥር የዳንግላ ዘመድ ሞቶበት ለቀብር ሲጣደፍ፣ ሳያስበው እግሩ ወደ ውጪው አውቶቡስ መራው። መጋረጃ ያለው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ቀና ሲል፣ ሣህሉ ባዶ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ያየዋል። ሣህሉ እጁን አንሥቶ ሰላም አለው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን ሁለቱም አንሥተው አያውቁም። ሣህሉ ዘንድሮ በዐቢይ ጾም አልጋ ያዘ፤ ከዳግማይ ትንሣኤ አላለፈም። ሐኪሙ ጉበቱ ነው አለ።

ገዥው አቶ ሀብተ ሥላሴ የሚባል የጎንደር ሰው ነው። ደርባባ፣ ቃሉ የለሰለሰ። ዳኘውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«የእትዬ ወንድም ነዎት? እግዜር ያጽናችሁ። እኔ ካዘነ ሰው ስገዛ ዋጋ አልሰብርም፤ የሚገባውን እሰጣለሁ። ሞተሩ ወርቅ ነው። ሟቹ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የያዙት። እኔ ደግሞ ዐባይ በረሃ ሞተሩ የተቃጠለ የውጪ አውቶቡስ አለኝ፤ አካሉ ምንም አልሆነም። ያን አንሥቼ እዚህኛው ሻንሲ ላይ አሳርፈዋለሁ።»

«ይኸኛው አካልስ?» አለ ዳኘው።

«ተቆርጦ ይጣላል። ከቦዲ ቤቱ ኃላፊ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ እዚያው ነው የማስቆርጠው።»

«ይኸ አካል ምን ሆነ?»

ሰውየው አውቶቡሱን ከፊት እስከ ኋላ ቃኘው። በቅን ልብ ነበር የመለሰው።

«ምንም አልሆነም። ሰው አይገባበትም እንጂ።»

አገርነሽ «ትንሽ እንመካከር» ብላ ወንድሟን ወደ ሐይቁ ዳር ይዛው ወረደች። ካፊያው አባርቶ ነበር። ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ተራ በተራ ይጠጋሉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«በል፣ ልሽጠው?»

ዳኘው ሽጪ ለማለት አፉን ከፈተና ተወው። ደግሞ ሊመክራት ነው። የፊተኛው ምክሩ ትዝ አለው።

«እታለም፣ አስቀድሜ የምነግርሽ አለ።»

«ምን?»

«ደመወዜን ታውቂዋለሽ። መቶ አሥራ ሁለት ብር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ፈቀቅ አላለም። ያን ዓመት ሥራ ጠፍቶ ነበርና ደንበኛ ላመጣ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ ጉርሻ ይሰጣል ተባለ። የሣህሉን ሻንሲ ሳስገባ… ሰጡኝ። ተቀበልሁ።»

አገርነሽ ከታንኳዎቹ ዞራ አየችው።

«ምን አደረግኸው?»

«ለልጆቹ ጫማ ገዛሁ። ደብተርም። የቀረውን… አላስታውሰውም።»

«ሣህሉ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አለቀሰች እንዳይል ድምፅ የለም። ዝም አለች እንዳይል ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል።

«እጄን እንዲያምን ነበር የፈለግሁት፤ እውነቴን ነው» አለ ዳኘው። «ብሩ ብቻ አልነበረም። ግን ብሩም ነበር።»

«ለምን ነገርኸኝ?» አለች። «ሳላውቀው ብኖር ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ዕድሉ ነው እያልሁ ነበር የማለቅስለት። አሁን ምን እያልሁ ላልቅስ?»

ዳኘው እጁን ወደ ትከሻዋ ዘርግቶ ሳይነካት መለሰው።

አንድ ታንኳ ቀዛፊ እንጨቱን አራግፎ ሲጨርስ አገርነሽ ፊቷን ጠረገች። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ቀድሞው፣ የአሳዳጊነቷ ነበር።

«እሺ። አሁን ጉርሻ የሚሰጥህ የለም። ጥቅም የሌለበትን ንገረኝ። ልሽጠው?»

«ሽጪው» አለ ዳኘው። «ሞተሩን ያወቀ ሰው ነው የመጣው። ከዚህ የተሻለ አታገኚም።»

«በብረት ነገር አሁንም እሰማሃለሁ፤ እሸጠዋለሁ» ብላ ተነሣች። «ጠላዬን እጠምቃለሁ፤ ሌላ የማውቀው የለም። አንተ ወደ ሥራህ ሂድ።»

አብረው እስከ አስፋልቱ ወጡ። እዚያ ስትደርስ ሳትስመው ወደ መናኸሪያው ታጠፈች። ሲለያዩ ሳትስመው ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከቀትር በኋላ አውቶቡሱ ቦዲ ቤት ግቢ ገባ። ብየዳው አንድ በአንድ ቆመ። ሁሉም የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ግማሾቹ እጃቸው አለበት። አቶ ሀብተ ሥላሴም አጅቦት መጥቷል። ጓድ አዘዘ ወረቀቱን ይዞ ወደ ዳኘው ቀረበ።

«አንተ የጀመርኸው ላይ ቀጥል። ይኸን ለሌሎቹ ሠራተኞች እሰጣቸዋለሁ።»

«የለም፣ እኔ ነኝ የምፈታው።»

«እልህ ምን ያደርግልሃል?»

«እልህ አይደለም» አለና ወደ ገዥው ዞረ። «አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ላሜራውን ምን ያደርጉታል?»

«ቁርጥራጭ ብረት ምን ይሠራልኛል? ከፈለጉ ይውሰዱት።»

ዳኘው ብዙ ነገር የሚያሰላስል መስሎ ላሜራውን ዳሰሰ። የሚያስበው ግን አንድ ነገር ነበር። የእህቱ ጠላ ቤት በጓሮ ያለች የሣር ጎጆ ናት፤ ክዳኗ በስብሶ ጋኑ ላይ ሊወርድ ደርሷል። ነገ ጠላ ልትጠምቅባት ነው። የጋዝ መቁረጫ ደግሞ ላሜራውን ያቃጥለዋል፣ ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ ለክዳን አይሆንም።

የጋዙን ጎማ ጠቅልሎ ወደ ግድግዳው መለሰና ከዕቃ ሣጥኑ መሮ አወጣ።

ጓድ አዘዘ አየው። «ዳኘው፣ በእሳት እስከ ማታ ያልቃል። በመሮ እያንዳንዱን ምስማር ልትነቅል ከሆነ ሦስት ቀን ይፈጅብሃል። እኔ የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው የምጽፍልህ።»

«የአንድ ቀን ይጻፍ» አለ ዳኘው።

ከሹፌሩ በር በኩል ጀመረ። የመጀመሪያዋን ምስማር አናቷን ሰንጥቆ ሲያወጣት ላሜራው ሳይጎዳ ላላ፤ ወደ ሁለተኛዋ ተሻገረ።