የተቀባዩ ድርሻ

አሚራ ሙኽታር ከአዲስ አበባ መጥታ ከሚሴ የሚገኘውን ቤቴን ያንኳኳችው ባለፈው ሰኔ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። አሚራ የጃዝ ድምፃዊት ናት፤ የመጣችውም ስለ ረጀብ ጉዳይ ነው። ረጀብ በሙያው ልብስ ሰፊ ነበር፤ ይህ አገር ካፈራቸው የዜማ ደራሲዎች ግን የሚተካከለው የለም። ካረፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እኔ ማስረሻ የአውራጃው ኪነት ቡድን ክላርኔት ነፊና አቀናባሪ ነበርሁ። ረጀብ ኖታ ስለማያውቅ እያንጎራጎረ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ዛሬ ሰው በቃሉ የሚያውቃቸው ዘፈኖቹ በሙሉ የተጻፉት በእኔ እጅ ነው። ይህንንም በኩራት እናገራለሁ።

«አካም ቡልታኒ፣ ጋሼ ማስረሻ?» ስትል እንዴት አደሩ አለችኝ በኦሮምኛ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ግቢ፣ ልጄ።»

ሳትቀመጥ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «የረጀብን ሰባት ዘፈኖች በጃዝ ቀድቻለሁ። የቀረኝ የባለቤታቸው የእማማ አሲያ ፊርማ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ‹ማስረሻ ሰምቶ ይሁን ካላለ አልፈርምም› አሉኝ።»

«ተገቢ ቃል ነው የተናገረችው። አሰሚኝ።»

ከስልኳ ጋር ያያዘችውን ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና «የጨፋ ሣር» የተባለውን ዘፈን ከፈተች። እኔ የማውቀው ዘፈን ሦስት ደቂቃ ነው፤ የእርሷ ዘጠኝ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። «የጨፋ ሣር ረዘመ» ብላ ጀመረችና ድንገት ዝም አለች። ፒያኖውም ዝም አለ። ኮንትራባሱ ብቻ በወፍራም ክሩ ደጅ ላይ እንደሚንጎራደድ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ደረስሁ።

«መሣሪያሽ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም፤ እየጠበቅሁ ነው።»

«ማንን?»

«ተቀባዩን።»

«ስሚኝ፤ ይህ ዘፈን በአራት ምት የተጻፈ ነው። የጻፍሁትም እኔ ነኝ።»

«የጻፉት እርስዎ ነዎት። የደረሱት ግን እርስዎ አይደሉም።»

በዚህ ቤት እንዲህ ብሎ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። «እንዲህ መናገርን ማን አስተማረሽ?» አልኋት።

«የሙዚቃ ትምህርት ቤት የእርስዎን ኖታ አስተማረኝ። አክስቴ አሻ ደግሞ ሰንበቴ ከተማ፣ ሠርግ ላይ ስታዜመው እየሰማሁ አደግሁ። እዚያ አራት የሚቆጥር ሰው አላየሁም።»

«እንግዲያው ከእኔ ይሁንታ አታገኚም።»

«እማማ አሲያ ፊት ይህንኑ ይንገሩኝ።»

«አሁኑኑ እነግርሻለሁ!» አልሁና ኮቴን ለበስሁ። ክራቫቴንም አሠርሁ። በሚኒባስ አሲያ ወደምትኖርበት ጨፋ ሮቢት ወረድን።

አሲያ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ታበጥር ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ማስረሻ፣ በዚህ ሙቀት ክራቫት! ለቅሶ ነው ወይስ ክስ?»

«ክስ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ የለም ማለት ነው። ተቀመጥ።»

አሚራ ዘፈኑን ከፈተች። «የጨፋ ሣር ረዘመ» የሚለው አልቆ ዝምታው ሲመጣ፣ አሲያ ማንም ሳያዝዛት ሰፌዷን አስቀመጠችና «ሁንዳፍ» ብላ ጎትታ ተቀበለች። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ፋጡሜ «ለሁሉም» ስትል ተሰማች። ፋጡሜ ቀድማ ጨረሰች፤ አሲያ ግን ቃሉን ገና አልለቀቀችውም ነበር።

አንባቢ ነገሩን እንዲረዳ እዚህ ላይ ጥቂት ላብራራ። በአገራችን መንዙማ አንዱ ይመራል፣ ጉባኤው ይቀበላል፤ መሪውም የመጨረሻው ተቀባይ ሳይጨርስ ቀጣዩን ስንኝ አያነሣም። ረጀብ ይህን ሥርዐት ወደ ዘፈኑ አመጣው። ሰው ሁሉ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይቀበል አለ፤ ኦሮምኛ የሚቀናው «ሁንዳፍ»፣ አማርኛ የሚቀናው «ለሁሉም»። የሁለቱም ትርጉም አንድ ነው። ይሁን እንጂ ቃሎቹ እኩል አይጀምሩም፣ እኩልም አያልቁም። ለሠለጠነው ጆሮዬ ይህ ጫጫታ ነበር።

«ሬዲዮ ጣቢያ የሄዳችሁ ዕለት ረጀብ ምን ነበር ያለህ?» አለችኝ አሲያ።

«ታውቂዋለሽ።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ልጅቷ ትስማው።»

ጊዜው 1971 ዓ.ም. ነበር። ለአንድ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ተሰጠን። እኔም በቀይ እርሳስ የተቀባዩን ቦታ ከነቃሉ ሠረዝሁት። ረጀብ ማይክራፎኑ ፊት ቆሞ፣ «ማስረሻ፣ የሰው ድርሻ የት ሄደ?» አለኝ። እኔም «ሰው ያዳምጥ» አልሁት። እርሱም እንደታዘዘው ዘፈነ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድም አዲስ ዘፈን ይዞልኝ አልመጣም።

ስጠየቅ ለአርባ ስድስት ዓመት የደቂቃውን ማነስ ምክንያት አድርጌ ኖሬያለሁ። በዚያ ደጃፍ ላይ ግን እውነቱን ተናገርሁ፤ ሦስት ሳይሆን ሠላሳ ደቂቃ ቢሰጡኝም እሠርዘው ነበር።

አሚራ አንገቷን ደፋች። አሲያ አልደፋችም። «ፊርማዬን ከፈለጋችሁ፣ ልጅቷ ትምራ፤ አንተ ተቀበል» አለችኝ።

«እኔ መሣሪያ ነፊ እንጂ ዘፋኝ አይደለሁም።»

«ለመቀበል አፍ ይበቃል። አፍ የለህም እንዳልልህ፣ ከመጣህ ጀምሮ ስትለፈልፍ ነው የቆየኸው!»

ፋጡሜ ከአጥሩ ማዶ ሳቋን ለቀቀችው።

አሚራ ብድግ ብላ ያለ ፒያኖ፣ ያለ ምንም አጃቢ መራች። እኔም ክራቫቴን እንዳሠርሁ «ለሁሉም» አልሁ። ድምፄ ሻካራ ነበር፤ መሐል ላይም ተቆረጠ። ትንፋሼን ሰብስቤ ደገምሁት። አሚራ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ እስክጨርስ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ። በምት መቁጠሪያ ስነዳ የኖርሁ ሰው ነኝና ሙዚቃ ቆሞ ሲጠብቀኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። አሲያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና በመሠረተ ትምህርት በቆጠረችው ፊደል ስሟን አንድ ባንድ ጻፈች።

በሳምንቱ የረጀብ መታሰቢያ ኮሚቴ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ጠራኝ። ሰብሳቢው ይበልጣል የተዘጋጀ ደብዳቤ አቀረበልኝ። ደብዳቤው «አልበሙ የታላቁን ደራሲ ሥራ ያዛባና ከባህላችን የወጣ በመሆኑ» ይልና ከግርጌው የእኔን ስም ይዟል።

«ይፈርሙልን ጋሼ። ያለ እርስዎ ፊርማ ልጅቷ ለዝግጅቷ የጠየቀችውን የከተማውን አዳራሽ ለመከልከል እንቸገራለን።»

«የከበዳችሁ ምኑ ነው? ጃዝነቱ?»

«ጃዙንስ እንችለው ነበር። መቀበሉ ነው ያስቸገረን። ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ሲጮህ ሥርዐት የለውም። በአንዱ ይሁን ብንላት እምቢ አለች።»

«በየትኛው?»

«እሱን ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስናል።»

«ረጀብ ሳይሰበሰብ ወስኗል።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ የእርስዎን ክብር ነው የምንጠብቀው!»

«ክብሬን ራሴ እጠብቃለሁ፤ ዘበኛ አልቀጠርሁም» አልሁትና ደብዳቤውን ገለበጥሁት። «አዛቢ ፈልጋችሁ ከሆነ አግኝታችኋል። በሬዲዮ የተቀዳውን ያዛባሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የመለሰችው እኔ የወሰድሁትን ነው።»

ይበልጣል ግራ ቀኙን አየ። «ይህን በአደባባይ ሊናገሩ ነው?»

«መናገር ይረሳል። አሳትመዋለሁ።»

አዳራሹ ያለ እኔ ፊርማም ተከለከለ። አሚራ ዘፈኖቿን በጨፋ ሮቢት የገበያ ቀን፣ አሲያ ግቢ ውስጥ አቀረበች፤ ግቢው ስለጠበበ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ተቀበለ። እኔም ቆሜ ተቀበልሁ። በማግሥቱ አሚራ ወደ ቤቴ መጥታ፣ እንዳላፍር አስባ ይመስለኛል፣ የአቀናባሪውን ስም ከአልበሙ ላይ ልትተወው እንደምትችል በትሕትና ገለጠችልኝ።

«አትተዪውም» አልኋት። «ከነጥፋቴ አስፍሪኝ።»

አልበሙ በመስከረም በኢንተርኔትና በሸክላ ወጣ። በሸክላው ጀርባ፣ ከረጀብ ስም ሥር፣ ይህ ቃሌ ታትሟል፦ «በ1971 ዓ.ም. ‹የጨፋ ሣር› ከተባለው ዘፈን ላይ የተቀባዩን ድርሻ የሠረዝሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ስህተት ነበር። ዘፈኑ በትክክል የሚገኘው በዚህ ሸክላ ላይ ነው። ማስረሻ፣ አቀናባሪ።»

ከወጣ በሦስተኛው ቀን ይበልጣል ደወለልኝ። ድምፁን አለስልሶ፣ በሚቀጥለው እትም «ስህተት» የሚለው ቃል «የተለየ አቀራረብ» ተብሎ ቢለወጥ ለእኔም ለከተማውም የተሻለ እንደሚሆን አስረዳኝ፤ ይህ ከሆነ አዳራሹም ሊፈቀድ እንደሚችል ጨመረልኝ።

«ቃሉ እንዳለ ይቆያል» አልሁትና ስልኩን ዘጋሁት።