የቀጠሮ ሳክስፎን

ሰውየውን «ቀጠሮ» ያልነው እኛ በቅርብ የምናውቀው ነን፤ አንድም ቀን ቀጠሮ አክብሮ ስለማያውቅ። ሕዝቡ ግን ጥልቅ ነገር ይመስለውና ስሙ በተጠራ ቁጥር ያጨበጭባል። ከሞተ ሁለት ወር ሳይሞላው የመታሰቢያ ኮሚቴ ተቋቋመለት። የኮሚቴው አባላት በሕይወት እያለ ገና ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ የነበሩት ናቸው።

ሰብሳቢያቸው ሳክስፎኑን ይዞ ወደ ሱቄ የመጣው ከመታሰቢያው ዝግጅት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። እኔ የትንፋሽ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ምራቅ የጠጣ ናስ ሳጸዳ ኖሬያለሁ። ሰብሳቢው ወንበሬን በመሐረብ ጠርጎ ተቀመጠ።

«ልጁ ናት የምትነፋው። አንተም ሁለት ደቂቃ ትናገራለህ» አለኝ። «ብቻ አደራህን፣ ያቺን የምትተነፍሰውን ድምፅ እንዳትነካብን። የቆሰለች ነፍሱ ናት እሷ።»

ሳቄ መጣ። የቆሰለች ነፍሱን የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ያውም በስህተት።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ቀጠሮ ሳክስፎኑን በንዴት ከግድግዳ ጋር አላትሞት አመጣልኝ። የሳክስፎን ቀዳዳ ሁሉ ክዳን አለው፤ ከክዳኑ ሥር ደግሞ አየር እንዳያመልጥ ክብ ቆዳ ይለጠፋል። አንዷ ቆዳ ተቀድዳ ነበር። ልኳ ስላልነበረኝ እህቴ ከጣለችው የእጅ ቦርሳ ላይ ቆርጬ ለጊዜው ለጠፍኩባት። ወፈረችና ክዳኑ አልገጥም አለ። ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ሻይ ልጠጣ ብወጣ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መጥቶ ሳይነግረኝ ይዞት ሄደ። በማግስቱ አልበሙን ቀረጸበት። ያልገጠመችው ክዳን እየተነፈሰች አገር አስለቀሰች። ተሸማቅቄ ላስተካክላት ብለው «የነካሃት ዕለት እጅህን እቆርጠዋለሁ» አለኝ። ለጋዜጠኞች ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ከልቤ የወጣች ናት» አላቸው።

ጎበዝ ነበር፣ አልክድም። የሰው ጥፋት ይዞ እንደዚያ ማስለቀስ ለማንም አይሰጥም። ሲነፋ እወደው ነበር፤ ስለወደድኩትም በራሴ እናደድ ነበር። ሰውነቱን ግን ባናነሣው ይሻላል።

የእህቴ ባል ነበር። ልጃቸው የተወለደች ቀን «ልብስ ላምጣላት» ብሎ ከሆስፒታል ወጣ፤ በዘጠነኛው ቀን አዲስ ዜማ ይዞ ባዶ እጁን ተመለሰ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያደርጋት ቆይቶ ጭራሽ ቀረ። እህቴ ማልቀስ ያቆመችው እኔ እየደጋገምኩ በነገርኳት አንድ ነገር ነው፦ «እትዬ፣ አንቺን ጠልቶ አይደለም። አይችልም። የያዘውን መንከባከብ ሲፈጥረው አልተሰጠውም።» በዚህች ቃል ተደግፋ ነው እስከ ዛሬ የቆመችው።

ሰብሳቢው በሄደ ማግስት እሷም መጣች። ሳትቀመጥ ሳክስፎኑን አየችው።

«ያቺን ድምፅ አጥፋልኝ» አለች። «ልጄ ስትነፋ እሱን መስማት አልፈልግም።»

«እሺ» አልኳት፤ ደስ እያለኝ።

ስፈታው የጠበቅኩትን ነው ያገኘሁት፦ ዝገት፣ የደረቀ ምራቅ፣ በላስቲክ የታሰረ ሞላ። ከዚያ ያቺን ክዳን ፈታኋትና እጄ ቀጥ አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ቆዳ ደርቆ መሰነጣጠቅ ነበረበት። ይህች ግን ለስላሳ ናት፤ ቅባት ጠጥታለች። ጠርዟ በቀጭን ክር ተቀምቅሟል፤ የለማጅ ስፌት፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። እኔ የማልጠቀምበት ነጭ ሙጫ ሦስት አራት ጊዜ ተደራርቦባታል። በሳጥኑ ኪስ ውስጥ ትንሽ የቅባት ጠርሙስ፣ መርፌና ንጹሕ ጨርቅ አለ። ልጁን ዘጠኝ ቀን የረሳ ሰው የሚስቱን ቦርሳ ቁራጭ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀባ ኖሯል።

ሌላ ሰው ቢሆን አንጀቱ ይላወስ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይችል ነበር ማለት ነዋ!

ቆዳዋን በመዳፌ ይዤ አመዛዘንኩ። ለኮሚቴው ብነግር እንባ በእንባ ይሆናሉ፤ ከዚህ የተሻለ ሙገሳ አያገኙም። መልሼ ብለጥፋት ደግሞ ነገ ሌላ ጠጋኝ ይከፍታትና ወሬው እህቴ ጆሮ ይደርሳል። አዲስ ቆዳ ገጠምኩ። አሮጌዋን ከነጠርሙሷ ኪሴ ከተትኳት። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ሰው የወደደልኝ እሷን ብቻ ነበር።

በዝግጅቱ ቀን የእህቴ ልጅ ነፋች። ያቺ ክዳን የምትተነፍስበት ቦታ ስትደርስ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። አዳራሹ እርስ በርሱ ተያየ፤ ሰብሳቢው አፈጠጠብኝ። እኔም ምን ይደረግ፣ ያቺ ድምፅ ናፈቀችኝ። ከዚያ ተራዬ ደረሰ።

«ቀጠሮን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ» አልኩ። «እንደሱ የሚነፋ አላየሁም፣ አላይምም። ግን እጁ የገባ ነገር ሁሉ ይበላሽ ነበር፤ ሚስትም ልጅም ሳክስፎንም። መንከባከብ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አይፈረድበትም።»

ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ ከኋላ «ሙት ወቃሽ!» አለኝ። እህቴ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች።

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«አይችልም ነበር እኮ፤ አይደል?»

ሌላው እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጣቶቼን ቅባት ነክቷቸዋል።

«አይችልም ነበር፣ እትዬ።»