አሥራ ሁለተኛው ብርጭቆ

ብርድ ልብሱ ከክሊኒኩ የተመለሰው በፌስታል ተጠቅልሎ ነው። ላቦራቶሪ የሚሏት ልጅ ገና በሩ ላይ እንደቆመች ፌስታሉን ፈታች፣ ሁለቱን ጫፎች ይዛ ዘረጋችው፣ ከዚያም ከተማረ ሰው አፍ ይወጣል የማይባል ቃል ወረወረች።

«ምነው? ቀደዱት እንዴ?» አለች አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ቢቀዱትማ ይሻል ነበር። እዪው!»

አክስት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችው። የሕፃን ብርድ ልብስ ነው፤ መዳፍ መዳፍ ከሚያካክሉ ቀይ፣ ቢጫና ነጭ ቁራጮች የተገጣጠመ፣ መሐሉ ጥጥ የገባበት፣ ከላይ እስከ ታች በቀይ ክር ተመላልሶ የተሰፋ። ሲላክ ነጩ ነጭ ነበር። አሁን ግን ነጩ ሁሉ ጥርሱን የተነቀለ ሰው የተጉመጠመጠበትን ውሃ መስሏል።

ነገሩ እንደዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። የክሊኒኩ ዋና ነርስ ለማዋለጃ ክፍሏ ሠላሳ እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ትፈልጋለች፤ አስቀድማ ግን አንዱን ከአንሶላዎቿ ጋር በሙቅ ውሃ አጥባ ማየት አለባት። ቀለም ከለቀቀ የፋብሪካውን ትገዛለች። አክስት ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አንድ ንግግር አላት፦ «ይሄ ትእዛዝ ካልተሳካ ሁለቱንም መኪና ሸጬ፣ ቤቱን ለባለቤቱ አስረክቤ፣ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ።» እግሯን ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት እንዳልሆነች ላቦራቶሪ ታውቃለች። መኪናዎቹን እንደምትሸጥ ግን አትጠራጠርም። ለራሷም ከዚህ ቤት ሌላ የሥራ ቦታ የላትም።

«ሲስተር ምን አለችሽ?»

«‹ሁለት አንሶላ አበላሸሽብኝ። ለአክስትሽ ስል እስከ አርብ እጠብቃለሁ፤ አርብ ደህና ነገር ይዘሽ ካልመጣሽ ቅዳሜ እንዳትመጪ› አለችኝ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ላቦራቶሪ ስም አላት፤ በስሟ የሚጠራት ግን የለም። ኬሚስትሪ ተመርቃ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት ደጅ ስትጠና ከረመችና፣ ሲያንገሸግሻት አክስቷ ስፌት ቤት ገባች። በገባች በሳምንቱ የመስኮቱን ደፍ በብርጭቆ ሞላችው። ክሊኒኩ የሚከፍለው ለውድ ጨርቅ አይበቃም፤ ስለዚህ ከርካሹ መሐል ደህናውን መልቀም የእሷ ሥራ ሆነ። ርካሽ ጨርቅ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ኩራቱ ለብቻው ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያብረቀርቃል፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ያ ሁሉ ሙጫ ነው። ላቦራቶሪ ጨርቁን እርስ በርሱ አሽታ ጥቁር ቀሚሷ ላይ ታራግፈዋለች፤ ዱቄት ካረገፈ ሰላም ብላ ትሸኘዋለች። ብርሃን ላይ ዘርግታው በድሩና በማጉ መሐል ጣቷ ከታያት አትፈልገውም። በሰያፍ ስባ ስትለቀው ወደ ቅርጹ ካልተመለሰም እንደዚያው። ይሄን ሁሉ ያለፈ ጨርቅ ቁራጩ ሙቅ የሳሙና ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያድራል። አሥራ አንድ ጨርቅ፣ አሥራ አንድ ብርጭቆ። ጠዋት ውሃው ቀለም ሳይነካው፣ ቁራጩም ሳይኮማተር የተገኘው የሦስቱ ብቻ ነበር።

«ቀዩ ነው» አለች አሁን። «ክንደ አጭሩ አንዱን ጣቃ አሳይቶኝ ከሌላው ቆርጦ ሸጠልኝ!»

«ተይ እስቲ፣ መጀመሪያ...»

ላቦራቶሪ «መጀመሪያ» የሚባል ነገር አትወድም። ብርድ ልብሱን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጥታለች።

ክንደ አጭሩ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ በክንዱ እየለካ ስለሸጠ ነው ይህ ስም የወጣለት። ጨጓራውን ስለሚያመው ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውሃ ይጠጣል፤ ስትገባም ብርጭቆው ፊቱ እየጨሰ ነበር። ብርድ ልብሱን ባንኮኒው ላይ ጣለችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ብርድ ልብስ።»

«አይቀልዱ! ቀይ ጨርቅዎ ለቆብኛል። ጣቃ ለውጠውብኛል።»

«ስሚ ልጄ፣ ካንቺ ዓይን ጣቃ ላስመልጥ? አንዴ ፀሐይ ላይ ታወጪዋለሽ፣ አንዴ ታሺዋለሽ፣ አንዴ ትስቢዋለሽ። እኔ ሚስቴን ሳገባ እንኳ እንዲህ አልመረመርኳትም።»

«እሳቸውም አልመረመሩዎትም እንጂ፣ ክንድዎን ለክተውት ቢሆን ኖሮ...»

ጨርቅ የሚመርጡ ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን ለቀቁት። ክንደ አጭሩ አልሳቀም። ለእሷ ከቆረጠበት ቀይ ጣቃ ጫፍ ጥፍር የምታክል ቁራጭ በመቀስ ቆርጦ የሚጠጣው ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨመራትና ክንዱን አጣምሮ ቆመ። ላቦራቶሪም ቆመች። መጠበቅ ያሳምማታል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሯ እየቆመች ብርጭቆው ላይ አፈጠጠች። ውሃው ጠርቶ ቀረ። ነጋዴው ቁራጯን በእርሳስ አወጣና፣ ውሃውን በሁለት ጉንጭ ጨለጠው፣ ከዚያም ምላሱን እስከ ሥሩ አወጣላት።

«ቀልቷል?»

«ታዲያ ይሄ ሮዝ ከየት መጣ? ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ እኔ ነጋዴ ነኝ። ላቦራቶሪዋ አንቺ።»

በመንገድ ላይ ለራሷ እየተነጫነጨች ተመለሰች። ማንም ጥፋተኛ ካልሆነ በማን ላይ ይጮኻል? አክስት ብርድ ልብሱን ከእጇ ወስዳ መስኮቱ ጋ ዘረጋችውና ብዙ አየችው።

«ሮዙ የበረታው የት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«የትም! ሁሉም ጋ!»

«ሁሉም ጋ አይደለም። ቀዩ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ከቀዩ አጠገብ ያለው ነጭ ነበር የሚብሰው። ይኸው በሁለት ቢጫ መሐል ያለውም እኩል ቀልቷል። ስፌቱን ተከትዪማ።»

ላቦራቶሪ ጎንበስ አለች። በእያንዳንዱ ስፌት ግራና ቀኝ ጠቆር ያለ መስመር ነበር። አክስት በመርፌ አንድ ክር መዛ አወጣች፣ በምራቋ አርሳ መዳፏ ላይ ጎተተችው። መዳፏ ላይ ቀይ ጭረት ቀረ።

ክሩ ነው።

ክሩን ደግሞ አልገዙትም። ላቦራቶሪ ጨርቁን በገዛች ቀን ክንደ አጭሩ በክርክር ብዛት ተዳክሞ፣ ትልቅ ጥቅል ቀይ ክር ከላይ ጣል አድርጎ «ይሄ ምርቃት ነው፤ ብቻ ውጪልኝ» ብሏት ነበር። አክስት በራሷ መንገድ ፈትናዋለች፤ አንድ ክንድ ያህል ተርትራ፣ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ስባ በጠሰችው። ጥሩ ክር ሲበጠስ ይናገራል ባይ ናት፤ ይሄኛው ጮኸ። በጥፍሯ መሐልም አሳለፈችው፤ ቋጠሮ የለውም። «ቢሆንም በነጭ እንስፋው» ስትል «ስፌቱ ካልታየ ከፋብሪካው በምን ልንለይ ነው?» ብላ የሞገተቻት ላቦራቶሪ ራሷ ነች። ገንዘብ ያወጡበትን ጨርቅ ሁሉ በውሃ ፈተኑት፤ በነፃ በመጣው ክር ዝም ብለው ሰፉበት።

«አሥራ አንድ ብርጭቆ ደርድረሽ አሥራ ሁለተኛው ጠፋሽ?» አለች አክስት።

«አንቺስ? ጆሮሽ ሥር ስትበጥሺ አልነበር?»

«ጆሮዬ ቀለም አይሰማ።»

ሌላ እንዳይሰፉ ነጩ ጨርቅ ከጣቃው መጨረሻ የተቆረጠ ስለነበር አልቋል። የቀረው መተርተር ነው። መተርተር ከመስፋት ሦስት እጥፍ ይፈጃል፤ መርፌው አንዴ ቢያዳልጥ ርካሽ ጨርቅ ምሕረት የለውም። ላቦራቶሪ ሐሙስን ሙሉ አንገቷን ሰብራ ተረተረች፤ በየመሐሉም ክሩን፣ ነጋዴውን፣ ኬሚስትሪን፣ ከሁሉ በላይ ራሷን ስትራገም ዋለች። ቤት ውስጥ ከነበሩት ሁለት ጥቅል ነጭ ክሮች አንደኛው ካውያ ሲነካው እንደተቃጠለ ፀጉር ተጠቅልሎ ቀረ። ሁለተኛው ከሙቅ ውሃም ከካውያም ተርፎ ወጣ። በእሱ መልሰው ሰፉት። ከዚያ ከነጭ እራፊ ጋር አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ በሙቅ ውሃ አጠቡት። እራፊው ነጭ ሆኖ ወጣ። ሮዙ ግን ከብርድ ልብሱ ንቅንቅ አላለም።

«መጀመሪያውኑ ሮዝ አድርገን ነው የሰፋነው በያት» አለች አክስት።

«አንሶላዋን ያቀላንባትን ሴትዮ?»

አርብ ጠዋት ዋና ነርሷ ብርድ ልብሱን ተቀብላ ገለበጠችው።

«ይሄው ያው አይደለም እንዴ?»

«ያው ነው ሲስተር። የለቀቀው የስፌቱ ክር ነበር፤ ሳልፈትነው ሰፋሁበት። አውጥቼ ቀይሬዋለሁ። የነካው ነካ፣ ያ አይወጣም። ከእንግዲህ ግን ቀለሙ ወደ ሌላ ጨርቅ አይሄድም። አዲስ አንሶላ ካለዎት አብረው ይክተቱት።»

ነርሷ መነጽሯን አስተካክላ አየቻትና፣ ሁለት አዲስ አንሶላ ከመደርደሪያ አውርዳ ከብርድ ልብሱ ጋር ማጠቢያው ውስጥ ጣለቻቸው። ላቦራቶሪ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጥፍሯን በላች። አንሶላዎቹ ሲወጡ ነርሷ መስኮት ጋ ወስዳ ጠርዛቸውን ሳይቀር አገላብጣ አየች።

«ነጭ ናቸው» አለች። «ሠላሳዎቹን ሥሩ። ግን ነጩ ነጭ ይሁንልኝ። ይሄንን ቀይ ዓይን የያዘው የመሰለውን ወደ ቤትሽ ውሰጂልኝ።»

ላቦራቶሪ በሩጫ ነው ቤት የደረሰችው። አክስት ወሬውን ሰምታ «እሺ» አለች። ላቦራቶሪ ክሊኒክ ሳለች ከሦስት ሱቅ የገዛችውን ነጭ ክርና አዲስ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገች ማቀበል ጀመረች፤ ላቦራቶሪም በቤቱ ያሉትን አሥራ ሁለት ብርጭቆዎች መስኮቱ ላይ ደርድራ፣ አዲሱን ጨርቅም ክሩንም በየብርጭቆው ነከረች። ጨርሳ ወገቧን ስታቀና አክስቷ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ጆንያ እያየች ነበር።

«ጥጡንስ?»

«ጥጡን ምን?»

«ማን ፈተነው?»

ለሠላሳዎቹ የሚሆነውን ጥጥ ያመጣላቸው ፍራሽ ሠሪው «ንጹሕ ነው» ብሏቸው፣ እነሱም አምነው፣ ጆንያውን አስረው አስቀምጠውታል። ላቦራቶሪ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያም አክስቷ የምትጠጣበትን የቆርቆሮ ኩባያ ከፊቷ አንስታ ውሃውን በመስኮት ደፋችው።

«እየጠጣሁበት እኮ ነው!»

«ነገ ትጠጫለሽ» አለችና የጆንያውን አፍ መፍታት ጀመረች።